ያልተመረቀው ጣሪያ

ሰባት ክረምት ሙሉ «ምረጡኝ» ሳይል የተመረጠ ሰው፣ እሱን ለሚንቅ ሰው ሲል እየዞረ ድምፅ መለመን እንዴት ሆነለት? ይህን ጥያቄ ስለ ጀምበሩ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥዬዋለሁ። «ለእህቱ ሲል ነው» ይላሉ ሰዎች። እውነት ነው፣ ለእህቱ ሲል ነው። ግን ለእህቱ ሲል በር መገንጠልም ይችል ነበር፤ ጉልበቱም፣ የሚከተሉት ጎረምሶችም ነበሩት። ከዚያ ሁሉ ልመናውን ለምን እንደያዘ አላውቅም።

ጀምበሩ የጋይንት ሰው ነው። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም ነው፤ የግራ እጁ አመልካች ጣት ጫፉ በማጭድ ሄዷል። በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ማሳውን ለልጆቹ ትቶ፣ የአገሩን ልጆች አስከትሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። መጀመሪያ አረም ነው፤ ከዚያ የሰሊጥ አጨዳ፤ ጉልበት ከተረፈ ማሽላ ቆረጣ። ኅዳር ላይ ከስቶና ጠቁሮ ይመለሳል። የሚሰፍሩት ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ባለ እርሻዎቹ የትራክተር ተሳቢ ይዘው መጥተው ሠራተኛ የሚጭኑት ከዚያ ነው። እኔም የምኖረው ከሰፈሩበት ሜዳ ትይዩ፣ በእትዬ አሰበች ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው።

እነዚህ ሰዎች አለቃቸውን የሚመርጡበት የራሳቸው ወግ አላቸው። አጨዳ ሊጀመር ሲል ክብ ሠርተው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ማጭዱን ይዞ ይዞርና፣ አለቃ እንዲሆን ከሚፈልገው ሰው ኋላ ጫፉን መሬት ላይ ይተክላል። ብዙ ማጭድ የተተከለለት አለቃ ይሆናል። ጭብጨባ የለም። የተመረጠው ሰው ማጭዶቹን ሰብስቦ ይቀመጥና አንድ በአንድ ሞርዶ በየባለቤቱ እጅ ይመልሳል፤ የሁሉንም ሳይጨርስ እህል አይቀምስም። ማሳ ሲገቡ ደግሞ ዳሩን፣ እባብና እሾህ ያለበትን ረድፍ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ሕግም አላቸው፦ አፉን ከፍቶ «ምረጡኝ» ያለ ሰው በዚያ ዓመት ማጭድ አይተከልለትም። ስለዚህ ማንም አይልም። እንዲህ ያለውን አለቅነት አጥብቆ የሚመኝም አይገኝም። ጀምበሩ ሰባት ክረምት አለቃ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ባለፈው መስከረም ዝናቡ አልወጣም አለ። ሰሊጡ ሳይደርስ ቀረ፤ ባለ እርሻዎቹም «ገና ነው» እያሉ ሠራተኛውን ሜዳ ላይ አስቀመጡት። ከታች ዋልካው ጭቃ ሆኗል፤ ከላይ በሽመል የተወጠረ ሸራ ነው ያላቸው። ከአስፋልቱ ማዶ ግን ቤት አለ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለቀን ሠራተኞች ማረፊያ ብሎ ያሠራው ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ላይ የአጎበር ማንጠልጠያ ሳይቀር ተመቶለታል። ካለቀ ወራት ሆኖታል። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ ለምን ቢባል፣ አልተመረቀማ! ያልተመረቀ ቤት ውስጥ ሰው አይገባም ተባለ። በረንዳው ላይ ፍየሎች ይተኛሉ። ፍየሎቹን የሚያባርር የለም፤ ሠራተኛ ጠጋ ሲል ግን ዘበኛው ዱላውን ይዞ ይነሳል። በየቀኑ ከግቢያችን በር ላይ ሆኜ ይህን አይ ነበር።

የጀምበሩ ታናሽ እህት ባፈና የቡድኑ ወጥ ሠሪ ናት። በዚያ ሰሞን ወባ ጣላት። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተው «እርጥብ ላይ አትተኚ» ብለው ሸኟት። እርጥብ ያልሆነ ቦታ የት እንዳለ አልነገሯትም። እትዬ አሰበች በየጠዋቱ አጥሚት እያፈላች ትወስድላታለች። አሰበች ከግቢዋ ቧንቧ ውሃ በጀሪካን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አፏ አይቻልም። በአንዲት ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣችውን ዘምዘምን ከነልጆቿ አስጠግታለች። ስለዚያ ቁልፍ የሰፈሩን ኮሚቴ ያልጨቀጨቀችበት ቀን የለም። የሰፈሩ ሴቶችም «እንግዲያው አንቺው ግቢበት» ብለው ለከተማው ምክር ቤት ጠቆሟት።

በሌላ ወገን የተጠቆመው አቶ ሰሎሞን ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው፤ የማረፊያው ቁልፍም የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው። ምክር ቤት ከገባ ከንቲባ እንደሚሆን ውሃ የምታመላልሰው አህያ ሳትቀር ታውቃለች። ለመግባት ግን መጀመሪያ በሰፈሩ ስብሰባ በእጅ ብልጫ ማለፍ ነበረበት። የሰፈሩ እጅ ደግሞ አያስተማምነውም ነበር።

ዘሩ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለው፤ ጉዳይ የሚጨርስለት እሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ሸራው አጠገብ አቁሞ ወረደ። እኔ ውሃ እየቀዳሁ ነበር።

«ጀምበሩ፣ እንዴት ዋልክ።»

«እግዜር ይመስገን።»

«እህትህን አሟታል አሉ።»

«አዎ።»

«ጣሪያ ደግሞ እዚህ አፍንጫህ ሥር አለ።»

«እሱስ ይታየኛል።»

ዘሩ ሳቀ። «እሁድ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስብሰባ አለ። ልጆችህን ይዘህ ና፤ ለጋሽ ሰሎሞን እጅ አውጡ። ማታውኑ በሩ ይከፈታል።»

«እኛ ያገሩ ሰው አይደለን። በምን አግባብ?»

«የሚቆጠረው እጅ ነው። እጅ ደግሞ ጋይንት ይሁን ቋራ አፍ አውጥቶ አይናገርም።»

«ከሳቸው ጋር የሚወዳደረው ማን ነው?»

«አሰበች ናት።»

ጀምበሩ ወደ አሰበች ግቢ አየ። ዘሩ ባጃጁን አስነሳ፤ ሲሄድ ጭቃው ሸራው ላይ ተረጨ።

በማግስቱ ጀምበሩ ሰዎቹን እየዞረ ማነጋገር ጀመረ። ሲለምን አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ብድር የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ደሴ የሚባል፣ ቆላ ላይ የተቀላቀላቸው ወሎዬ አለ፤ በቡድኑ ውስጥ ምላሱ የሚፈራ ሰው ነው። እሱ ነበር የጠመደው።

«አፉን የከፈተ ማጭድ አይተከልለትም ስትለን አልነበር እንዴ?»

«ለራሴ አልጠየቅሁ።»

«ለሰው መጠየቅማ ይብሳል ወንድሜ። ለራስህ ብትጠይቅ ቢያንስ ማጭዳችንን ትሞርዳለህ።»

«እሳቸውም ይሞርዳሉ።»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። «ሰሎሞን? ያ ቦርጭ ጎንበስ ብሎ ሞረድ ሲይዝ ታየኝ፤ አቤት!» አለ ደሴ።

ጀምበሩ አልሳቀም። «የተመረጠ ሰው የመረጡትን ያገለግላል። ከኛ ወግ ምን ይለያል? ማጭዳችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ በደንብ እንተክላለን።» ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ከሸራው ሥር ባፈና በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ደሴ ወደዚያ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ። ለባፈና ነው። ለቦርጩ እንዳይመስልህ።»

እሁድ ሜዳው ሞላ። ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ፣ ሴቶች ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ተወዳዳሪዎቹ ከፊት በወንበር ተቀመጡ። አቶ ሰሎሞን ረጅም ንግግር አደረገ፤ ልማት አለ፣ ወጣቱ አለ፣ ራዕይ አለ፤ ራዕዩ ምን እንደሆነ ሳይነግረን ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። አሰበች ነጠላዋን አጠበቀችና ተነሳች።

«ውሃ ስሸጥ ታውቁኛላችሁ። ጀሪካን አጉድዬ አላውቅም። እኔ ከገባሁ መጀመሪያ የማደርገው ያን የተቆለፈ ቤት ማስከፈት ነው። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው መጀመሪያ ለአሰበች እጅ አስወጣ። ሴቶቹ በሙሉ፣ ከሽማግሌዎቹም ብዙዎቹ አወጡ። እኔም አወጣሁ። ቀጥሎ ለሰሎሞን ተባለ። ከፊት የሱ ነጋዴዎችና ዘመዶቹ እዚህም እዚያም አነሱ፤ ያንሱ ነበር፤ በዓይን ይታያል። ከዚያ ከኋላ፣ በአጥሩ ጥግ፣ የሠራተኞቹ እጅ አንድ ላይ ተነሳ። በሰሊጥ አረም የጠቆረ፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። አሰበች ወንበሯ ላይ እንዳለች ዞረች። ሌላውን ሁሉ ትታ ጀምበሩን አየችው። እሱም ያን ጫፉ የሌለ ጣቱን ወደ ላይ እንደዘረጋ መሬት መሬት ያያል።

«እነዚህ የማን ሰፈር ሰዎች ናቸው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ተቆጥሯል አባቴ፣ ተቆጥሯል» አለ ስብሰባውን የሚመራው ሰው፤ ሰሎሞን ማለፉንም ተናገረ። ሽማግሌው ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ጎረቤቱ እጅጌውን ጎተተው፤ ተቀመጠ። እኔም ተቀምጬ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጥን ሁሉ አስጠሉኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጀምበሩ ማጭዱን ከወገቡ መዝዞ ወደ ፊት ሄደ። ሰዎቹም ማጭድ ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሉት። ሕዝቡ ተንጫጫ፤ አንድ ሚሊሻ መሣሪያውን አቀባበለ። ሰሎሞን ደንግጦ ዘሩን ተጣራ። ሠራተኞቹ ግን ቀስ ብለው ከወንበሩ ኋላ እየዞሩ፣ አንድ በአንድ ማጭዳቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለነሱ ምርጫው ያኔ ነው የተፈጸመው። ዘሩ ቶሎ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። «ስጦታ ነው! ስጦታ ነው!» እያለ ስልኩን አወጣ። ሰሎሞንም ደሙ ተመልሶለት፣ ከማጭዶቹ ፊት ቆሞ ፈገግ አለ። ማታ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየሁት፤ ከሥሩ «ወዛደሩ ለለውጥ ማጭዱን አስረከበ» ይላል። ማጭዶቹን ዘሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ባጃጁ ላይ ጭኖ ወሰደ።

ያን ማታ በሩ አልተከፈተም። ሰኞ «ቁልፉ ኮንትራክተሩ ዘንድ ነው» ተባለ። ማክሰኞ ደግሞ «ቅዳሜ በይፋ ይመረቃል፤ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ» ተባለ። በመሃል ዝናቡ ሸራውን ቀዶ ገባ። ባፈና መቃዠት ጀመረች፤ የሞተች እናታቸውን እየጠራች ውሃ ስጪኝ ትላለች።

ረቡዕ ጀምበሩ ደሴን አስከትሎ ወደ ሰሎሞን ቤት ሄደ። የሆነውን የነገረኝ ደሴ ነው፤ ሲነግረኝ አንዴም አልቀለደም። ሰሎሞን ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ከነዘሩ ምሳ እየበላ ነበር። ግቡ አላላቸውም።

«ጌታዬ፣ ማጭዶቹን ልወስድ ነው የመጣሁ» አለ ጀምበሩ። «ሞርደዋቸዋል?»

«ምን?»

«ማጭዶቹን። የተከልንልዎን።»

ሰሎሞን ዘሩን አየ፤ ዘሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ጀምበሩ ቆሞ ወጋቸውን አስረዳ፤ የተመረጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ ሳይጨርስ እህል እንደማይቀምስ። ሰሎሞን የያዘው ጉርሻ ትን እስኪለው ሳቀ።

«ዘሩ፣ ሞረድ አምጣልኝ እንጂ ምን ታያለህ?»

«ጋሼ፣ የከንቲባ ሞረድ በጀት ይያዝለታል፤ ዝም ብሎ አይገዛም።»

አብረው የሚበሉት ሁሉ ሳቁ። ከረጢቱ ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር ተጥሏል፤ ሦስት ቀን ሲዘንብበት ሰንብቷል። ጀምበሩ ሄዶ ከፈተው። ማጭዶቹ ዝገው ቀልተዋል። እንደገና አስሮ ትከሻው ላይ አደረገው።

«ቁልፉስ?»

«ቅዳሜ አልኩህ እኮ» አለ ሰሎሞን እየተጣጠበ። «አንተ ራስህ መድረክ ላይ ወጥተህ በሠራተኛው ስም ታመሰግናለህ። ሸሚዝ ይገዛልሃል።»

ጀምበሩ ዞሮ ሄደ። ቀጥ ብሎ የመጣው ወደ አሰበች በር ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። አሰበች ጀሪካን ትሞላለች። መቆሙን አይታለች፤ ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ አላናገረችውም።

«ምን ፈለግህ?» አለች በመጨረሻ።

«መሬቱ ረጠበ» አለ።

«ሰሎሞን አላደረቀልህም?»

ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እሁድ ያን ያህል የተዘረጋ እጅ ዛሬ በር ማንኳኳት አቃተው?»

«እትዬ አሰበች፣ ይቅርታ ልልዎ ነው።»

«ከመጀመሪያው መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ታማሚ ይዞ በሰው ቤት መግባት ከበደኝ።»

«እጅ ማውጣቱ ቀለለህ። ይቅርታህን እዚያው ያዘው። ልጅቱን አምጣት።»

በሸራ አድርገው አመጧት። አሰበች አልጋዋን ለባፈና ሰጥታ፣ የራሷን ምንጣፍ ጭስ ቤቱ ውስጥ ከዶሮዎቹ አጠገብ ዘረጋች። እኔ ክፍሌን ልልቀቅ ብል «ያንተ ጣሪያ ከሸራው ይብሳል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ዘምዘም ልጆቿን ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አደረገቻቸው። ጀምበሩ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያንቀላፋ ያየው የለም። ጨርቅ ይነክራል፣ ግንባሯ ላይ ያደርጋል፣ አንስቶ እንደገና ይነክራል። ሐሙስ ከጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ መርፌ ወጋቻት፤ ስትወጣ ግን ፊቷ ደህና አልነበረም።

ዓርብ ሰማዩ ጠራ፤ ሰሊጡም ደረሰ ተባለ። ባለ እርሻው «ነገ ማለዳ ተሳቢ እልካለሁ» ብሎ ላከ። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ሜዳው ላይ ክብ ሠሩ። ጀምበሩ የዛጉትን ማጭዶች ለየባለቤቱ አደለና ከክቡ ወጥቶ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለው ደሴ።

«አልገባም።»

«ለምን?»

«አፌን ከፍቻለሁ።»

ማንም አልተከራከረውም። አንዳንዶቹ ማጭዳቸውን ይዘው ትንሽ ጠበቁት፤ ሐሳቡን የሚለውጥ መስሏቸው ነው። ከዚያ እየዞሩ ከደሴ ኋላ ተከሉ። ደሴ ዞር ብሎ ያን ሁሉ ዝገት ሲያይ ምራቁን እንትፍ አለ።

«ሰባት ዓመት የተሳለ ማጭድ ስትሞርድ ኖረህ፣ የዛገውን ለኔ ጠበቅህልኝ? አብሽር፣ ግድ የለም፤ እህትህ ትዳን ብቻ።» ሞረዱን ከጀምበሩ እጅ ተቀብሎ ተቀመጠ። ጀምበሩም ወደ ደፉ ተመለሰ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ተሳቢው መጥቶ ሠራተኛውን በሙሉ ጭኖ ሄደ። ሜዳው ላይ የቀረው የሸራ ቁራጭና የምድጃ አመድ ነው። ፀሐይ ወጣ ስትል ከማዶ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ከዞን ነጫጭ መኪናዎች መጡ፤ በማረፊያው በር ላይ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ተወጠረ፤ ፍየሎቹን አባረሯቸው። የሚያርፍበት ሠራተኛ ግን አንድም አልነበረም። ከተማው ውስጥ የቀረ የቀን ሠራተኛ ጀምበሩ ብቻ ነው።

በዚያው ሰዓት ባፈናን ላብ አጠመቃት። ልብሷ በሙሉ ረጠበ፤ አሰበች ነጠላዋን ለወጠችላት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ወንድሟን አየችው።

«ምን ያስጮሃቸዋል?» አለች።

«ይመርቃሉ።»

«ማንን?»

«ማንንም። ራበሽ?»

«ራበኝ።»

አሰበች የሰማችው ጭስ ቤት ሆና ነው፤ ምንም ሳትል እሳቱን ቆሰቆሰች። ባፈና አጥሚቱን ጠጥታ ጨረሰች፤ ሌላም ጠየቀች። ጀምበሩ ባዶውን ኩባያ ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ድምፅ ማጉያው ስሙን መጥራት ጀመረ። «ወንድማችን ጀምበሩ፣ በወዛደሮች ስም ምስጋና ለማቅረብ ወደ መድረክ።» ሦስቴ ተጠራ። ትንሽ ቆይቶ ዘሩ ባጃጁን እያስጓራ በሩ ላይ ቆመ፤ በፌስታል አዲስ ሸሚዝ ይዟል።

«የት አለ? እንግዶቹ እየጠበቁ ነው!»

«ተኝቷል» አለች አሰበች፣ የሚፈላውን የአጥሚት ማሰሮ እንደያዘች።

«ይቀስቀሳ!»

«አንተ ቀስቅሰው እስቲ፤ ና፣ እኔን አልፈህ ግባ።»

ዘሩ ከነማሰሮዋ አያትና ሸሚዙን እንደያዘ ተመለሰ። ከማዶ ጭብጨባ ተሰማ፤ ማን እንዳጨበጨበ እንጃ። ጀምበሩ ደፉ ላይ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ያንኑ የነከረውን ጨርቅ በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።